ባትሪው ለምን አንድ ቀን ብቻ ይቆያል?

አንድ ነገር ዘመን አልፎ ዘመን ሲተካ ሳይለወጥ ከቀረ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሊለወጥ አይችልም፣ ወይ እንዲለወጥ የፈለገ የለም። የስማርት ስልክ ባትሪ ቆይታ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚመደብ መመርመር እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን 3.5 ኢንች ስክሪንና 1,400 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ ነበረው፤ ፕሮሰሰሩ የተሠራው በ90 ናኖሜትር ነበር። ጠዋት ሞልቶ የያዘው ሰው ማታ ቻርጀር ላይ ይሰካው ነበር። ዛሬ ተራው ስልክ እንኳ 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይይዛል፤ የውዶቹ ስልኮች ፕሮሰሰር ደግሞ በ3 ናኖሜትር ይሠራል። ይህ የናኖሜትር ቁጥር አሁን አሁን ርዝመት መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የትውልድ ስም ሆኗል፤ ቢሆንም አንድ ስሌት የሚፈጀው ኃይል በብዙ እጥፍ መውረዱ አያጠራጥርም። ባትሪው ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል፣ ፕሮሰሰሩም ቆጣቢ ሆኗል። ስልኩ ግን ዛሬም ማታ ማታ ይሰካል።

መኝታው አጠገብ ሶኬት ላለው ሰው ይህ ጥያቄ አይቆረቁርም፤ አንድ ቀን ይበቃዋል። ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ይቆረቁራል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ጣና የተዘረጋው ሜዳ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም የሚገኘው እዚያው ወረታ ነው። ከተማው ውስጥ መብራት እየጠፋም እየመጣም ስልክ መሙላት ይቻላል። ወደ ሐይቁ ዳር፣ እንደ ናበጋ ወዳሉት ቀበሌዎች ሲወረድ ግን መስመር ያልገባለት ቤት ብዙ ነው። እዚያ ስልክ የሚሞላው ጣሪያ ላይ ባለች ትንሽ ሶላር ነው፣ ወይም በገበያ ቀን ከተማ ተወስዶ ነው። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ ሰማዩም በደመና ስለሚዘጋ ሶላሯ የምትሰጠው ይቀንሳል። ሰው ሰውን አጥብቆ የሚጠራበት ጊዜና ስልክ ለመሙላት የሚቸግርበት ጊዜ አንድ ላይ ይመጣሉ።

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ይገባሉ። ከጣና የተወሰደው ውኃ ደግሞ በዋሻ ተመርቶ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የጣና በለስ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ፎገራ ላይ የዘነበው ዝናብ የሌላ ሰው መብራት ሆኗል ማለት ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ አገሪቱ ኃይል የላትም ለማለት አልደፍርም። ኃይሉ ሜዳው ላይ ያለው ቤት እስኪደርስ ድረስ ግን ሰውዬው የሚኖረው በኪሱ በያዘው ነው፤ እኔም የምመረምረው የኪሱን ነው።

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲኬድ እንፍራዝ ትገኛለች። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው፣ ሐተታ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ጸሐፊው በእንፍራዝ እንደኖረ ይተርካል። የደራሲነቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወውና፣ መጽሐፉ የሚከተለው ሥርዓት ለዚህ ጉዳይ ይበጀኛል፤ ብዙ ሰው የተስማማበትን ነገር እንደ እውነት ከመቀበል በፊት በልቡና መመርመር። በስልክ ሱቅ ብዙ ሰው የተስማማባቸው ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ «ባትሪው ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ይቆያል» የሚለው ነው። ሌላው «ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው፣ ባትሪ አይበላም» የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ስማርት ያልሆነው ባለ ቁልፍ ስልክ 1,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያህል የሚይዝ ባትሪ አለው፤ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 3.7 ዋት-ሰዓት ነው። የስማርት ስልኩ 5,000 በ3.85 ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይዟል። ባለ ቁልፉ አምስት ቀን ቢቆይና ስማርት ስልኩ አንድ ቀን ቢቆይ፣ ስማርት ስልኩ በየሰዓቱ የሚፈጀው ሃያ አምስት እጥፍ ነው። እንግዲህ ባትሪው ትልቅ መሆኑ ስለ ቆይታ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። የሚወስነው አወጣጡ ነው። ኃይሉ የሚወጣባቸው ትልልቆቹ በሮች ደግሞ ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩና ከአንቴና ጋር የሚነጋገረው ሬዲዮ ናቸው። ሬዲዮው ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚጮህ ባትሪ ይበላል፤ ይህን ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የወጣ ሁሉ ያውቀዋልና አልቆይበትም።

ፕሮሰሰሩ ግን ብዙ የሚያስተምር ታሪክ አለው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራበት የአርም ንድፍ የተወለደው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ፣ አኮርን በሚባል ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ነው። ንድፉን ያወጡት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1985 የመጀመሪያው ቺፕ ደርሶ ሲሞከር በትክክል ሠራ፤ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ሊለኩ ሲሞክሩ ግን መለኪያው ዜሮ አሳየ። ነገሩ ሲጣራ የኃይል መስመሩ ጭራሹን አልተገናኘም ነበር። ቺፑ ይሠራ የነበረው በሌሎቹ የምልክት ሽቦዎች በኩል ሾልኮ በሚገባው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። የተሠራው በርካሽ ማሸጊያ እንዲገባና እንዳይግል ተብሎ ነበር፤ ቁጠባው ከዚያ ተከትሎ የመጣ ነው። ይህን የማነሣው ትንሽ በሆነ ኃይል ማሰብ የሚቻል መሆኑ ከጅምሩ የታወቀ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው መሻሻል በአንድ ሕግ ይገለጻል። ትራንዚስተር ሲበራና ሲጠፋ የሚወስደው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ያድጋል፣ በቮልቴጁ ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ ከ1 ወደ 0.7 ቢወርድ ፍጆታው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ 0.7 በ0.7 ሲባዛ 0.49 ነውና። ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል፤ «አዲስ ፕሮሰሰር ባትሪ አይበላም» የሚለው አባባል እውነትነት የሚያገኘው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ አርም ትልልቅና ትንንሽ ኮሮችን በአንድ ቺፕ ማስቀመጥ አስተማረ፤ ከባዱን ሥራ ትልቁ ይሠራል፣ መልእክት መጠበቁን ትንሹ ይይዛል። ፈጣን ፕሮሰሰር ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ቶሎ ስለሚተኛም ፍጥነት ራሱ ቁጠባ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። እንግዲያው የዳነው ኃይል የት ሄደ?

በፎገራ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የውኃ ሞተር በርብና በጉማራ ዳር ሲስፋፋ፣ በባልዲና በጉልበት ይጠጣ የነበረውን ያንኑ ማሳ በቀላሉ አጠጥቶ የሚያርፍ ገበሬ አልነበረም። ውኃ ማውጣት ስለቀለለ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ተተከለ፣ ማሳውም ውኃውም ሞተሩም በዛ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊሊያም ስታንሊ ጄቨንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል በጻፈው መጽሐፉ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሞተር ከሰል ሲቆጥብ አገሪቱ የምታነደው ከሰል ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ግን በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ፣ የዚህ ሐተታ ነገርም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሞተሩ ያተረፈውን ጉልበት ሽንኩርት ላይ ያዋለው ገበሬው ራሱ ነው፤ ትርፉም የእርሱ ነው። ፕሮሰሰሩ ያተረፈውን ኃይል የት እንደሚውል የወሰነው ግን ስልኩን የያዘው ሰው አይደለም። ንድፍ አውጪው ስልኩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አውጥቶታል፤ ከፍ ላለ ብርሃን፣ ለሰፋ ስክሪን፣ በሰከንድ ከ60 ወደ 90 እና 120 ጊዜ ለሚታደስ ምስል።

ስለዚህ ምርመራው ወደ ስክሪኑ ይዞራል። የባለ ቁልፉ 1.8 ኢንች ስክሪንና የስማርት ስልኩ 6.6 ኢንች ስክሪን በስፋት ሲነጻጸሩ ሁለተኛው አሥር እጥፍ ገደማ ነው። በተራው ገበያ የሚሸጠው ስልክ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ኤልሲዲ ነው። ኤልሲዲ ራሱ አያበራም፤ ከጀርባው የተዘረጋ መብራት አለ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ያን ብርሃን እየከፈተና እየዘጋ ምስል ይሠራል። ብርሃኑ ሲወጣ የመጀመሪያው ማጣሪያ ግማሹን ያስቀራል፣ ቀለም የሚሰጠው ማጣሪያ ከቀረው ላይ ሢሶውን ያህል ብቻ ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ ዓይን ጋ የሚደርሰው መብራቱ ካወጣው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረው ስልኩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጥቁር ሆኖ የሚታየውም ቦታ ከኋላው መብራቱ እየነደደ ነው።

ይህ ስክሪን ቤት ውስጥ ችግር የለበትም። የክፍል ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። ሩዝ የሚታጨድበት ማሳ ላይ ግን የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። የስልኩ መስታወት ብቻ ከዚህ አራት በመቶ ያህሉን ወደ ዓይን ይመልሳል። ስልኩ ምስሉ እንዲታይ ይህን ነጸብራቅ መብለጥ አለበት፤ ስለዚህ ብርሃኑን ጫፍ ድረስ ያወጣል፣ ስክሪኑ ብቻውን ከአንድ ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ዓይነት 19 ዋት-ሰዓቱ ሊያልቅ የሚችለው ለአንድ ቀን ሥራ እንኳ ሳይበቃ ነው። ሰውዬውም ስልኩን በእጁ እየጋረደ፣ ዓይኑን እያጠበበ የተላከለትን ዋጋ ያነባል። ፀሐይ ያህል ብርሃን ከሰማይ በነፃ እየወረደ፣ ስልኩ ያንን ብርሃን ለመርታት ባትሪውን ይጨርሳል። ይህን የመሰለ ብክነት የተፈጥሮ ሕግ አላስገደደውም። የስልኩ ቀን በጣሪያ ሥር ይውላል ብሎ ያሰበ ሰው የሠራው ምርጫ ነው።

ኦሌድ የሚባለው ስክሪን ግማሽ መልስ ይሰጣል። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ስለምታበራ ጥቁሯ ነጥብ ጠፍታ ታርፋለች። ከዚህ የተነሣ «ስልክህን ጥቁር አድርገው፣ ባትሪ ይቆይልሃል» የሚለው ምክር ዓለምን አዳርሷል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ምክር ለክተውት ነበር። ብርሃኑ ሙሉ በሆነ ጊዜ ከነጭ ወደ ጥቁር መዞር በአማካይ ከ39 እስከ 47 በመቶ ቆጥቧል፤ ሰው ቤት ውስጥ በሚጠቀምበት ከ30 እስከ 50 በመቶ በሆነ ብርሃን ግን ቁጠባው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ሆኗል። እንግዲህ ምክሩ እጅግ የሚጠቅመው ብርሃኑን ሁሉ ለከፈተው፣ ማለትም ፀሐይ ላይ ለቆመው ሰው ነው። ፀሐይ ላይ ግን ጥቁር ስክሪን መስታወት ይሆንና የገዛ ፊትን ያሳያል እንጂ አይነበብም። ስልኩ ኤልሲዲ ከሆነ ደግሞ ምክሩ ከናካቴው አይሠራም፤ ጥቁሩም ነጩም የሚበላው ያው ነው። በሌላ ሰው ቀን ላይ የተለካ ምክር ወረታ ገበያ ሲደርስ ዋጋው የሚወርደው እንዲህ ነው።

ሌላ መንገድ አልነበረም? ነበረ፣ በእጃችንም ይዘነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ባትሪው 850 ሚሊአምፔር-ሰዓት ሆኖ አምራቹ እስከ 400 ሰዓት ይጠብቃል ብሎለት ነበር። ባለ አንድ ቀለም ስክሪኑ በላዩ የወደቀውን ብርሃን መልሶ ስለሚያሳይ ፀሐይ በጠነከረ ቁጥር ይበልጥ ይነበብ ነበር። ቀለም ያላቸው መሣሪያዎችም ተሞክረዋል። ለድሃ አገር ልጆች የተሠራውና ጥቂት ሺህ ያህሉ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገባው ኤክስኦ ላፕቶፕ፣ የጀርባ መብራቱ ሲጠፋ በፀሐይ ብርሃን ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚነበብ ስክሪን ነበረው፤ ንድፉ የሜሪ ሉ ጄፕሰን ነው። የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ማንበቢያዎች የሚጠቀሙበት ኢ-ኢንክ ደግሞ ገጹ ሲለወጥ ብቻ ኃይል ይወስዳል፤ አንዴ የተጻፈው ያለ ኤሌክትሪክ ይቆያል። እነዚህ ስክሪኖች ፊልም በማሳየት ይደክማሉ፣ ቀለማቸውም አይደምቅም። ዋጋ፣ መልእክት፣ የሰብል ምክር ለማንበብ ግን ማን ደማቅ ቀለም ይፈልጋል?

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጠንካራ ስለሆነ ሙሉውን ልስማው። «ሰዉ የሚፈልገው ትልቅና ደማቅ ስክሪን ነው። የናበጋ ወጣት እንደ አዲስ አበባው ወጣት ቪዲዮ ማየት ይፈልጋል። አንተ ማነህና ደብዛዛ ስልክ ትመርጥለታለህ?» የሚል ነው። ፍላጎቱን አልክድም፤ መብቱም ነው። ፎገራ በሚገኝበት በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ዳታ የሌለው ስልክ የሚታይበት ነገር ስለሚያጣ ስክሪኑ ጠፍቶ ይውላል፣ ባትሪውም ይረዝማል። ያን ርዝመት ማንም ጥቅም ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ የባትሪን ቆይታ በሰዓት ብቻ መለካት ስሕተት መሆኑን እቀበላለሁ፤ መጠየቅ ያለበት አንዴ በሞላ ባትሪ ሰው ምን ያህል ጉዳዩን ይፈጽማል የሚለው ነው።

ግን በዚህ መለኪያም ቢሆን ተቃውሞው አይጸናም። ሜዳው ላይ ያለ ሩዝ አምራች በስልኩ የሚፈጽማቸውን ጉዳዮች እንያቸው። ይደውላል። ገንዘብ በቴሌብር ይልካል፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በ*127# በኩል በባለ ቁልፍ ስልክም እንዲሠራ ተደርጎ ነው የወጣው። የእርሻ ምክር በ8028 ደውሎ በአማርኛ ያዳምጣል፤ ይህ አገልግሎት በጆሮ ስለሚሠራ ስክሪን አይፈልግም። ማታ በስልኩ መብራት መንገዱን ያያል። ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ ደማቅ ስክሪን የሚጠይቅ የለም፤ ቪዲዮው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ሊያስቀራቸው ይችላል። ምሽት ላይ የታየ ቪዲዮ ሌሊት ለሚደወል የወላድ ጥሪ የሚሆነውን ባትሪ ይወስዳል። ወጣቱ ቪዲዮውን ቢመርጥ የራሱ ምርጫ ነው፤ ምርጫ የሚሆነው ግን ስልኩ ሁለት ዓይነት ቀን ሲያውቅ ነው፤ የቪዲዮ ቀንና የሳምንት ጥበቃ ቀን። አሁን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ዝቅተኛ ኃይል የሚለው ቁልፍ ከኋላ ያለውን ሥራ ይቀንሳል፤ ስክሪኑን ግን ከፀሐይ ጋር ከሚያደርገው ትግል አያወጣውም።

ሌላው ተቃውሞ ባትሪውን ማሳደግ ነው፤ 6,000 እና 7,000 የሚይዙ ስልኮች መጥተዋል። ይህ ጣሪያው ላይ ያለችውን ሶላር ይረሳል። አሥር ዋት የምትባል ሶላር በመልካም ፀሐይ 19 ዋት-ሰዓት ለመሙላት፣ በመንገድ የሚባክነው ሲታሰብ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች፤ በሐምሌ ደመና ቀኑን ሙሉ ላትጨርሰው ትችላለች። ባትሪው ሲያድግ ጎተራው ሰፋ እንጂ ምርቱ አልጨመረም። የሚቆጥብ ስክሪን ግን ያችው ሶላር የሰጠችውን ለረዘመ ጊዜ ያብቃቃል።

በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ የቁጠባው አከፋፈል ነው። በርካሽ ስልኮች ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተሸጠው የዩኒሶክ ኤስሲ9863ኤ ፕሮሰሰር በ28 ናኖሜትር የተሠራ ነው። አይፎን 5ኤስ ያንኑ 28 ናኖሜትር ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በአንድ ዋት ብዙ የሚያስበው ቺፕ ቀድሞ የሚደርሰው ሶኬት በየግድግዳው ላለው ሰው ነው፤ ሶኬት ለሌለው የሚደርሰው ሌላው ተሻግሮ የተወው ነው። ርካሽ ነገር በመጨረሻ መድረሱ የንግድ ሕግ ነው ይባላል። እኔ ግን ሕግ አድርጌ አልቀበለውም፤ ኃይል በጣም የሚወደደው ኃይል በሌለበት ቦታ ስለሆነ፣ ቁጠባውም መጀመር የነበረበት ከዚያው ነው።

ስልክ አዲስ አበባ ውስጥ መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቴክኖና አይቴል የሚሠራው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ፋብሪካ ከፍቶ በአማርኛ ቁልፍ የሚጻፍበት ስልክ ማውጣቱ ይታወቃል። ለፊደላችን የታሰበ ስልክ ከተቻለ ለፀሐያችን የታሰበ ስልክ አይቻልም የሚል ክርክር አይታየኝም። እስከዚያው ድረስ ቢያንስ መረጃው ይሰጥ። የስልክ ካርቶን ላይ የካሜራው ሜጋፒክስልና የባትሪው ሚሊአምፔር-ሰዓት ተጽፎ እናገኛለን። ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን ደጅ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ጥሪ ብቻ ሲጠብቅ ስንት ቀን እንደሚውል የጻፈ ካርቶን ግን አላየሁም። ይህን ለማወቅ አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም፤ ስልኩን ሞልቶ፣ አብርቶ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ሰዓት መያዝ ነው።